ምጣድ ከነዘረኝ ወዲህ ልቤ አልረጋ አለ፤ ኮረንት ሰውነት ውስጥ ይቀራል ወይ?

የግቢዋ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ። ሐኪሞችም ኤሌክትሪሻኖችም ካላችሁ ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ እንጀራ ስጋግር ምጣዱን በእርጥብ ማሰሻ ሳስሰው ቀኝ እጄን ኮረንት መታኝ። ጨርቁ ከእጄ ወደቀ፤ ንዝረቱ እስከ ክርኔ ደርሶ ቆመ። ራሴን አልሳትኩም፣ አልወደቅኩም፣ ጣቴ ላይ ቁስልም ሆነ የተቃጠለ ምልክት የለም። የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጌ ነበር፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ምጣዱ መሃሉ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለችው።

የከበደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ማታ ማታ ልቤ ድው ድው ይላል፣ ሁለቱም እጆቼና ከንፈሬ ዙሪያ ይደነዝዘኛል። አንዲት ጎረቤቴ «ኮረንት ሰውነት ውስጥ ተቀምጦ ከቀናት በኋላ ነው ልብ የሚያቆመው» ካለችኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በጣት ኦክስጅን መለኪያ ሌሊቱን ሙሉ እለካለሁ፤ ኦክስጅኑ 97 እና 98፣ የልብ ምቱ ከ88 እስከ 104 ይላል። ይባስ ብሎ አሁን ላፕቶፔን ስዳብሰው እጄን ይነዝረኛል። እውነትም ውስጤ ቀርቶ ይሆን?

28 ዓመቴ ነው፣ የልብ ሕመም የለብኝም፣ ነፍሰ ጡር አይደለሁም። የምኖረው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው፤ ቆጣሪው ከአከራዮቼ ጋር የጋራ ነው። ሐኪም ቤት ልሂድ? ምጣዱንስ ምን ላድርገው?

ድንገተኛ ክፍል

እህቴ፣ እንኳን እግዜር አተረፈሽ። ኮረንት ሰውነት ውስጥ አይቀርም። የሚያልፈው ከምጣዱ ወደ መሬት መንገድ እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው፤ ጨርቁን በለቀቅሽበት ቅጽበት አልቋል። በኋላ የሚቀር ነገር ቢኖር ያደረሰው ጉዳት ነው፤ ጉዳት ደግሞ ምልክት አለው፣ ይመረመራል።

ጎረቤትሽ ያለችው ነገር ብዙ ሰው የሚያምነው ስለሆነ በደንብ ላብራራው። ኮረንት ልብን የሚያቆመው የልብን ምት በዚያው በሚያልፍበት ጊዜ ሲያዘባርቀው ነው። ያ ቢሆን ኖሮ በሰከንዶች ውስጥ ራስሽን ስተሽ ትወድቂ ነበር። በቤት ቮልቴጅ፣ ማለትም በ220 ቮልት፣ ተመትቶ ራሱን ያልሳተ፣ የደረት ሕመም የሌለው፣ ኢሲጂው (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግበው ምርመራ) ደህና የሆነ ሰው «ለክትትል» ተብሎ ሆስፒታል አይተኛም፤ ወደ ቤቱ ይላካል። ይህ ሐኪሞች ቸል ስለሚሉ የሚደረግ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ከቀናት በኋላ በድንገት ልቡ ይቆማል የሚባለው ነገር በተግባር ስለማይታይ ነው።

በቁጥር እንየው። ሰው ኮረንት መሰማት የሚጀምረው ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ነው። ወደ 10 ሚሊ አምፔር ሲጠጋ የእጅ ጡንቻ ይጨብጥና ሰውየው የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል። ከ30 እስከ 50 ሚሊ አምፔርና ከዚያ በላይ የሆነ ኮረንት በደረት በኩል ከአንድ የልብ ምት ለሚረዝም ጊዜ ካለፈ ልብ ሊዘባረቅ ይችላል። አንቺ ጨርቁን ወዲያው ጥለሻል፣ በፕላስቲክ ጫማ ቆመሻል፣ ቃጠሎ የለሽም። ይህ ሁሉ ያለፈብሽ ኮረንት ጥቂት ሚሊ አምፔር፣ ጊዜውም የሰከንድ ክፋይ እንደነበር ያሳያል። ያው ምጣድ በባዶ እግር፣ በእርጥብ ወለል ላይ ቢሆን ግን ሌላ ታሪክ ነበር። ስለዚህ ምጣዱን እንዳትነኪው፤ የእሱን ነገር ለባለሙያው እተዋለሁ።

ሐኪም ቤት ልሂድ ላልሽው፦ አዎ፣ አንድ ጊዜ ሂጂና ኢሲጂ ተነሺ። ደረት፣ እጅና እግር ላይ ሽቦ ተለጥፎ ከ10 ደቂቃ በታች ያልቃል፣ አያምም። ለሐኪሙ አምስት ነገር በትክክል ንገሪው፦ ቮልቴጁ 220 እንደሆነ፣ በየት እንደገባ (ቀኝ እጅ)፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደያዘሽ፣ ቆዳሽ ወይም ወለሉ እርጥብ እንደነበር፣ ራስሽን ስተሽ እንደሆነ። ውጤቱ ደህና ከሆነ በየሆስፒታሉ እየዞርሽ አትድገሚው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ኢሲጂ አዲስ ነገር አይነግርሽም።

ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው፦ ራስን መሳት ወይም የመሳት ስሜት፣ የደረት መጨነቅ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ ምት ወጥነት አጥቶ መዘበራረቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ የክንድ መስነፍ፣ ኮረንቱ ይዞ አልለቅ ማለቱ፣ በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው መውጣቱ፣ የተቃጠለ ቆዳ፣ እንደ ኮካ የጠቆረ ሽንት። የልብ ሕመም ወይም ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) ያለበት ሰው ምልክት ባይኖረውም ይታይ።

አሁን ስለ መደንዘዙ። የመታሽ ቀኝ እጅሽን ነው። አሁን የሚደነዝዝሽ ሁለቱም እጆችሽና ከንፈርሽ ዙሪያ ነው። በቀኝ እጅ ገብቶ ወደ መሬት የሄደ ኮረንት ግራ እጅንና ከንፈርን ለይቶ አያደነዝዝም። ሰው ሲጨነቅ ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ የተቃጠለው አየር ከደም ውስጥ ከመጠን በላይ ይወጣና ነርቮች ይቆጣሉ። ያኔ የሚደነዝዘው የሁለቱም እጅ ጣቶችና የከንፈር ዙሪያ ነው። የመታሽ ጣት ብቻ አንድ ሁለት ቀን ቢደነዝዝ ደግሞ ነርቩ ስለተቆጣ ነው፤ ከሳምንት ካለፈ ወይም እቃ መጨበጥ ካቃተሽ ታዪ።

ኮረንት የመታው ሰው ወተት ይጠጣ ይባላል፤ መጠጣቱ አይጎዳም፣ ነገር ግን ለኮረንት የሚያደርገው ነገር የለም። ቁስል ያለው ሰው ግን ልብ ይበል፦ የኮረንት ቃጠሎ ከላይ ነጭ ወይም ግራጫ ነጥብ መስሎ ከስር ጥልቅ ሊሆን ይችላል። ለ20 ደቂቃ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ይያዝ፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አይቀባ።

ባለ ቴስተር

ድንገተኛ ክፍል የሰውነቱን ጉዳይ ጨርሶታል፤ እኔ ወደ ቤቱ ልሂድ። ላፕቶፑ ትልቅ ፍንጭ ሰጥቶናል።

ላፕቶፕሽ የሚነዝርሽ አንቺ ስለተለወጥሽ አይደለም። በፊትም ይነዝር ነበር፤ አሁን ስለምትፈሪ ታስተውይዋለሽ። በቻርጀሩ ውስጥ በመስመሩና ውጪ በሚታየው ብረት መካከል የተገናኙ ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ፤ ሥራቸው የኤሌክትሪክ ረብሻን ማፈን ነው። ሶኬቱ ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ የደህንነት ሽቦ) ካለው በእነሱ በኩል የምታልፈው ኮረንት ወደ መሬት ትወርዳለች። ግራውንድ ከሌለ ግን የላፕቶፑ ብረት በግማሽ ቮልቴጅ፣ ወደ 110 አካባቢ፣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኮረንቱ ግን ከሩብ ሚሊ አምፔር ብዙም አያልፍም። ብረቱን በጣት ጫፍ ቀስ አድርገሽ ስትዳብሺው የሚርገበገብ ወይም የሻከረ የሚመስልሽ እሱ ነው። ሞክሪው፦ ቻርጀሩን ንቀይና በባትሪ ብቻ እየሠራ ዳብሺው። ይጠፋል። ኮረንቱ አንቺ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ቻርጀሩ ቢነቀልም በነዘረሽ ነበር።

ስለዚህ ላፕቶፑ የነገረን አንድ ነገር ነው፦ የቻርጀሩ ወንዴ የግራውንድ ብረት ያለው ከሆነ፣ የክፍልሽ ሶኬት ግራውንድ የለውም። በሰርቪስ ቤት የተለመደ ነው። ሶኬቱ ጎንና ጎኑ ላይ የግራውንድ ብረት ይኑረው እንጂ ከኋላው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ አልተጎተተም። ኤሌክትሪሻን በመልቲሜትር እንዲለካው አድርጊ። ፌዝና ኒውትራል (ኮረንት የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) መካከል 220 አካባቢ፣ ፌዝና ግራውንድ መካከልም 220 አካባቢ፣ ኒውትራልና ግራውንድ መካከል ከጥቂት ቮልት በታች መሆን አለበት። ፌዝና ግራውንድ መካከል 40፣ 70፣ 110 እያለ የሚዋልል ከሆነ ሽቦው ከየትም አልተያያዘም ማለት ነው። በመብራት ቴስተር ብቻ አይፈረድ፤ እሱ በቁም ነገር የፈሰሰውንም እንዲሁ የተንጠለጠለውንም ቮልቴጅ አንድ አድርጎ ያበራል።

ወደ ምጣዱ ስንመጣ፣ ሬዚስታንሱ ከሸክላው ስር በተቆፈሩ ቦዮች ውስጥ የተጠመጠመ ራቁት ሽቦ ነው። ደረቅ ሸክላ ኮረንት አያስተላልፍም፤ ምጣዱን ስትነኪው የሚጠብቅሽ የሸክላው ውፍረትና ድርቀት ብቻ ነው። ስንጥቅ ሲኖር እርጥብ ማሰሻውና ሊጡ ውስጡ ይገባሉ። ሊጥ የኮመጠጠ ስለሆነ ከንጹህ ውሃ ይልቅ ኮረንት ያስተላልፋል። ያኔ ከሽቦው እስከ ጨርቁ፣ ከጨርቁ እስከ እጅሽ ድረስ ቀጭን መንገድ ተከፈተ ማለት ነው። ስንጥቋ ፀጉር ብታክልም ለዚህ ትበቃለች።

«ታዲያ ብሬከሩ ለምን አልወረደም?» ይባላል። ምጣድ 3500 ዋት ከሆነ ወደ 16 አምፔር ይወስዳል፤ ብሬከሩ 20 ወይም 25 አምፔር ነው። በሰው የሚያልፈው ደግሞ የአምፔር መቶኛና ሺኛ ነው። ተራ ብሬከር ሽቦን ከመቃጠል ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም። ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ ነው፤ ሊኬጅ ብሬከር የሚሉትም አሉ። በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው ኮረንት እኩል መሆኑን ይከታተላል፤ የ30 ሚሊ አምፔር ልዩነት ካየ ቢበዛ በ0.3 ሰከንድ፣ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ በ0.04 ሰከንድ ያጠፋል።

አርሲዲ ያለ ግራውንድም ይሠራል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው። ግራውንድ ከሌለ የሚያጠፋው ኮረንቱ በአንቺ በኩል ማለፍ ሲጀምር ነው፤ ትነዘሪያለሽ፣ ግን ለሞት የሚያበቃው ኮረንት ሳይቆይ ይቋረጣል። ስለዚህ ተከራይ ነኝና አከራዩን አስፈቅጄ ጉድጓድ ማስቆፈር አልችልም የምትይ ከሆነ ለክፍልሽ ብቻ ባለ 2 ፖል፣ 40 አምፔር፣ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ አስገጥሚ። ስትሄጂ ፈትተሽ መውሰድ ትችያለሽ። ላዩ ላይ ያለችውን የሙከራ ቁልፍ በወር አንዴ ተጫኚ፤ ካልወረደ ሞቷል፣ ይቀየር። አንድ ችግር ሊያጋጥም ይችላል። በጋራ ቆጣሪ ግቢ ውስጥ የክፍልሽ ኒውትራል ከአከራዮቹ መስመር ጋር ተጠላልፎ ከሆነ አርሲዲው ገና መብራት ስታበሪ ይወርዳል። መፍትሔው ኒውትራሉን ለይቶ መዘርጋት ነው፤ «ይህ እቃ አይሠራም» ብሎ አርሲዲውን መዝለል አይደለም።

ግራውንድ የሚያስቀብር ሰው ደግሞ እነዚህን ይያዝ። መዳብ የተለበጠ ዘንግ፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር፣ ከግድግዳው ወደ 1 ሜትር ራቅ ብሎ እርጥበት ያለበት ቦታ ላይ ይመታ። ሽቦው በክላምፕ ይታሰር እንጂ በእጅ ተጠምዝዞ አይተው። ጨው መነስነስ ለጊዜው ንባቡን ያሳምራል፣ ግን በዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፣ ዘንጉንም ይበላዋል። ከውሃ ቧንቧ ጋር አይታሰር። ቧንቧው መሃል ላይ በፕላስቲክ ተቀጥሎ ከሆነ ኮረንቱ መሬት አይገባም፤ ጎረቤት ቧንቧ ሲከፍት ይመታዋል።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ብረት ጋር በትንሽ ሽቦ ማገናኘት ነው። በመልቲሜትር ሲለካ «ግራውንድ አለው» ያሰኛል። ኒውትራሉ አንድ ቀን አንድ ቦታ ላይ ከተበጠሰ፣ ወይም ፌዝና ኒውትራል ተለዋውጠው ከሆነ፣ የፍሪጁም የምጣዱም የልብስ ማጠቢያውም ቆርቆሮ በአንዴ 220 ይሆናል። ሶኬት ሲከፈት ይህች ሽቦ ከታየች ወዲያው ትቆረጥ።

ዘንግ ብቻውን በቂ አለመሆኑንም ልብ በሉ። ግራውንዱ ኮረንትን የሚቋቋምበት መጠን (ሬዚስታንሱ) 10 ኦም ቢሆን እንኳ 220 ለ10 ሲካፈል 22 አምፔር ነው፤ 25 አምፔር ብሬከር አይወርድም። ቆርቆሮው ኮረንት እንደያዘ ይቆያል፣ ቆጣሪውም ይቆጥራል። ከአርሲዲ ጋር ሲሆን ግን 100 ኦምም ይበቃል፤ አርሲዲው በሚወርድበት በ0.03 አምፔር ቆርቆሮው ላይ የሚታየው ቮልቴጅ 3 ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው ነው የሚሠሩት።

እናት ለሁለት

ከጥያቄው ትንሽ ልውጣና፣ ነፍሰ ጡር ብትሆንስ? ቻርጀር ገመድ የሚነክስ ሕፃንስ?

ድንገተኛ ክፍል

ነፍሰ ጡር ከሆነች ንዝረቱ ቀላል ቢሆንም በዚያው ቀን ትታይ፣ በተለይ ከ20 ሳምንት በኋላ። የእሷ ኢሲጂ ደህና መሆኑ ስለ ፅንሱ አይናገርም፤ የፅንሱ የልብ ምት ለብቻው ይደመጣል። ከዚያ በኋላ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ ደም ወይም ውሃ ከፈሰሰ፣ ሆዷን ከቆረጣት ትመለስ።

ሕፃን ገመድ ነክሶ የከንፈሩ ጥግ ከተቃጠለ መጀመሪያ ትንሽ ነጭ ቁስል ብቻ ይመስላል። አደጋው ኋላ ነው፤ ከ5 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ቅርፊቱ ሲነሳ የከንፈሩ የደም ሥር ሊፈነዳ ይችላል። ከደማ ከንፈሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከውስጥና ከውጭ አጥብቆ ጨምቆ ይዞ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ስለዚህ ቁስሉ ቢያንስም በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ይየው።

ኮረንት ይዞት ያልለቀቀውን ሰው በእጃችሁ አትንኩት። መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፤ ብሬከሩ ከራቀ በደረቅ እንጨት ገመዱን ግፉ። ከተለቀቀ በኋላ የማይተነፍስ ከሆነ አንድ ሰው ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደውል፣ ሌላው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ደረቱን መሃል ለመሃል ይጫን።

ረጋ በይ

በአእምሮ ጤና በኩል ያለውን ልጨምር፤ ለጠያቂዋ አሁን ከምጣዱ እኩል የሚያስቸግራት ሌሊቱ ነው።

እህቴ፣ ፍርሃትሽ ውስጥ አንድ እውነት አለ፦ ቤቱ አደገኛ ነበር። ስለዚህ «ዝም ብለሽ አትፍሪ» አልልሽም። ፍርሃቱ ግን አድራሻ ተሳስቷል። ምጣዱ ላይ ማረፍ የነበረበት ልብሽ ላይ አርፏል። ሥራውን ለሁለት ክፈይው፦ ምጣዱን በኤሌክትሪሻን፣ ልብሽን በአንድ ኢሲጂ።

መለኪያውን በተመለከተ፣ ሌሊት ተነስተሽ በለካሽ ቁጥር ቁጥሩ ለጥቂት ደቂቃ ያረጋጋሻል፣ ከዚያ «አሁንስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አእምሮ የሚማረው «ደህና ነኝ» የሚለውን አይደለም፤ «ደህና የሆንኩት ስለለካሁ ነው» የሚለውን ነው። ለዚህ ነው መለካት በበዛ ቁጥር ጭንቀቱ የሚጠናው። ሌሊት ደንግጦ የነቃ ሰው ልብ 104 ቢመታ የሚጠበቅ ነው። በዚያ ላይ ጣት ሲቀዘቅዝ ወይም ጥፍር ላይ ሂና ወይም ቀለም ሲኖር መሣሪያው ይሳሳታል፤ አንድ ዝቅ ያለ ቁጥር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ያሳድድሻል።

በአንዴ ማቆም ከከበደሽ እንዲህ አድርጊ። ለሦስት ቀን ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከራት በኋላ ብቻ ለኪ፣ 5 ደቂቃ ተቀምጠሽ ካረፍሽ በኋላ። በአራተኛው ቀን መሣሪያውን ለጎረቤት ወይም ለዘመድ ስጪና ከቤት ይውጣ። በመሃል የመለካት ስሜት ሲመጣ «አልለካም» ብለሽ ከራስሽ ጋር አትታገይ፤ «ከ20 ደቂቃ በኋላ» በይው። አብዛኛውን ጊዜ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ስሜቱ ይበርዳል። «ደህና እመስላለሁ?» ብሎ ሰውን ደጋግሞ መጠየቅም፣ ሌሊት ስልክ ላይ ስለ ኮረንት መፈለግም ያው መለካት ነው፤ አብረው ይቀነሱ።

ልብሽ ድው ድው ሲል አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጪ፣ እግርሽ መሬት ይንካ። በአፍንጫ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ በቀጭኑ ከንፈር 6 እየቆጠርሽ አስወጪ፣ ለ5 ደቂቃ። ማስወጣቱ መርዘሙ ነው ቁም ነገሩ፤ የከንፈርሽ መደንዘዝ በዚህ ከለቀቀሽ ምክንያቱ አተነፋፈስሽ እንደነበር በራስሽ አየሽ ማለት ነው። በከረጢት ውስጥ መተንፈስ የሚባለውን ተይው። ቡናውንም ለጥቂት ቀን ከሰዓት በኋላ አትጠጪ፤ ጠዋት አቦሉን ጠጥተሽ ቶናና በረካውን እለፊው። ቡና ራሱ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ማጣቱ ደግሞ ያባብሰዋል።

ኢሲጂው ደህና ሆኖ፣ ምጣዱም ተሠርቶ፣ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላም እንቅልፍ ከሌለሽ ወይም ኩሽና መግባት ካቃተሽ ጤና ጣቢያ ሄደሽ የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንዲያይሽ ጠይቂ። ለዚህ ችግር ሐሳብና ልማድ ላይ የሚሠራ የምክር ሕክምና አለ፣ ይጠቅማል። የእብደት ምልክት ነው ብለሽ እንዳትደብቂው።

የግቢዋ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቻርጀሩን ስነቅለው የላፕቶፑ ንዝረት እውነትም ጠፋ። ኢሲጂ ተነስቻለሁ፤ ደህና ነው ብለው ወረቀቱን ሰጥተውኛል።

ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ለካው። በወንዴው ሶኬት ሁለት እግሮች መካከል 14 ኦም አለ። በእግሩና በቆርቆሮው መካከል ምንም አላነበበም። ስንጥቁ ላይ እርጥብ ጨርቅ አንጥፎ በጨርቁና በእግሩ መካከል ሲለካ 40 ኪሎ ኦም አለ። ከዚያ «ቆርቆሮው ደህና ነው፣ ቆርቆሮውን ግራውንድ እናደርገዋለን፤ አሁን ሶኬቱን ገልብጠሽ ስትሰኪው አይነዝርሽም» አለኝ። ሞክሮም አሳየኝ፤ ቴስተሩ አልበራም። ልጋግርበት?

ባለ ቴስተር

አትጋግሪበት። ልኬቱን ግን በጥሩ ሁኔታ ነው የለካው፤ በእርጥብ ጨርቅ መለካቱን ብዙዎች አያስቡትም።

14 ኦም ትክክል ነው። 220 በ220 ተባዝቶ ለ14 ሲካፈል 3457 ዋት ይመጣል፤ ሬዚስታንሱ ጤነኛ ነው። የቆርቆሮውም ደህና። ችግሩ 40 ኪሎ ኦሙ ላይ ነው። 220 ለ40,000 ሲካፈል 5.5 ሚሊ አምፔር ነው። ቅዳሜ እጅሽን ያስደነገጠው በዚህ ገደማ የሆነ ኮረንት መሆን አለበት፤ ድንገተኛ ክፍል ከገመተው ጋርም ይገጥማል። ደግሞ የመልቲሜትር ባትሪ ትንሽ ቮልት ነው፤ በ220 ስር፣ ስንጥቁ ሊጥ ጠጥቶ ሲሰፋ፣ 40 የነበረው 10 ኪሎ ኦም ቢሆን 22 ሚሊ አምፔር ነው። ያ እጅ አያስለቅቅም።

መገልበጡ ለምን እንደሠራ ልንገርሽ። ስንጥቁ ያለው ከሽቦው በአንደኛው ጫፍ አጠገብ ነው። ያ ጫፍ ፌዝ ሲሆን ይነዝራል፤ ሲገለበጥ ኒውትራል ይሆንና ዝም ይላል። ክብ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ደግሞ በሁለቱም በኩል ይገባል። ነገ ሌላ ሰው ነቅሎ ሲሰካው ያው ቦታ ላይ ነሽ።

ቆርቆሮውን ግራውንድ ማድረግ ተገቢ ነው፤ ገመዱ ቆርቆሮው ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ከሌለ ጠርዙ ልባሱን ስለሚቆርጠው አንድ ቀን ያስፈልግሻል። ለዚህ ችግር ግን አይደርስልሽም። ኮረንቱ የሚመጣው በሸክላው ገጽ በኩል ነው፤ ሸክላው ከግራውንዱ ሽቦ ጋር አይገናኝም። እዚህ ላይ የሚያድንሽ አርሲዲና ያልተሰነጠቀ ሸክላ ብቻ ነው።

ሸክላውን አስቀይሪ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ወይም በጀሶ ለመድፈን አትሞክሩ፤ ሁለቱም እርጥበት ይመጥጣሉ። ሬዚስታንሱ ካልተሰባበረ ወደ አዲሱ ሸክላ ሊዛወር ይችላል፣ ነገር ግን ከቦዩ ሲወጣ በቀላሉ ይበጠሳል፤ የተቀጠለ ሬዚስታንስ ደግሞ መቀጠያው ላይ ይግልና ቶሎ ይቃጠላል፣ ስለዚህ አዲስ ሽቦ ይሻላል። ወደ ሬዚስታንሱ የሚሄዱት ሽቦዎች ሙቀት የሚችል ልባስ ያላቸው ይሁኑ፤ ተራ የፕላስቲክ ሽቦ ምጣድ ስር ይቀልጣል። ገመዱ ባለ ሦስት ሽቦ፣ ቢያንስ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይሁን፤ ማከፋፈያ ላይ አይሰካ። አረንጓዴና ቢጫው ከቆርቆሮው ጋር በብሎን ሲታሰር ቀለሙ ይፋቅ፤ በቀለም ላይ የታሰረ ግራውንድ አልታሰረም።

አዲሱ ሸክላ ሲመጣ እርጥበት ይዞ ነው የሚመጣው። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ ውሃ ሳይነካው ለአጭር ለአጭር ጊዜ እየሰኩ ማቀዝቀዝ ነው። አርሲዲው መጀመሪያ ላይ ከወረደ ገና አልደረቀም፤ ደግሞ ፀሐይ ላይ ይውጣ። ጎመን ዘሩን ቀብተሽ ካሟሸሽው በኋላ፣ ነቅለሽ ቀዝቅዞ፣ ያንኑ የእርጥብ ጨርቅ ልኬት ይድገምልሽ። ከ1 ሜጋ ኦም (ከ1,000 ኪሎ ኦም) በላይ ካለ ጋግሪ። ከዚያ በኋላም ስታስሺ ማሰሻው ጭምቅ ይበል፣ ከእግርሽ ስር ደረቅ የጎማ ምንጣፍ ይኑር፤ በውሃ ስታጥቢው ደግሞ ሁልጊዜ ነቅለሽ።

እስከዚያ እንጀራውን ከሱቅ ግዢ። ለአከራዮቹም ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ ግራውንድ የሌለው ሶኬት እነሱም ቤት አይቀርም።